የጸሐፊው አዲስ ሥራ

በጣልያን ጊዜ ነው። ከቡኢ ወደ ቡታጅራ በምትሄድ የጭነት ካሚዮን፣ ጆንያ ላይ ተጠጋግተን ተቀምጠናል። ከጎኔ የተቀመጠ አንድ ባላገር ፊት ለፊቱ ያለውን ኮቱ የነተበ ሽማግሌ ሲያይ ቆየና ጠየቀው።

«እርስዎ የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ አልነበሩም?»

«ነበርኩ። አሁንም ወደዚያው ነኝ።»

«ጣልያን ጸሐፊ አደረገዎት?»

«የለም። ቤቱን የበቅሎ ጋጣ አድርጎታል። ፋንድያ ጠራጊ ይፈልጋል ሲሉኝ ነው የምሄደው።»

«አይ ጌታዬ! እዚያው ቤት?»

«ብዕር የያዘ እጅ አካፋ አያቅተውም ብዬ ነበር፤ እነሱ ግን ተጠራጠሩኝ። አለቃው ‹ነገ ና› ይለኛል። ዛሬ ስሄድ ስድስተኛ ጊዜዬ ነው።»

«እኔን በመሬቴ ክርክር ዓመት ሙሉ ‹ነገ ና› ብለውኛል።»

«አውቃለሁ። እኔ ስለው ግን ያምር ነበር፤ ጣልያኑ ገና አልለመደውም።»

ባላገሩ ሳይፈልግ ሳቀ።

«መዝገቤስ የት ደረሰ?»

«መዝገቦቹን ጋጣው ጥግ ከምረዋቸው በቅሎ እየበላቸው ነው አሉ። ሥራውን ካገኘሁ ያንተን ቀድሜ አወጣልሃለሁ።»

ባላገሩ ጥቂት አሰበና ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ።

«እንግዲያው እግዜር ሥራውን ይስጥዎ!»

እኔ አሜን ልበል አልበል ግራ ገባኝ።