በወንድም አፍ የተቀበረ በሽታ

ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ወደ ማኅበራዊ ዋስትና ቢሮ የሄድኩት፣ መዝገቡ ላይ ከመጀመሪያ ልጄ በሦስት ዓመት አንሼ ስለተገኘሁ ነበር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ ይህን ለማቃናት ስመላለስ አራተኛ ቀኔ ነበር። ወረፋ በምንጠብቅበት አግዳሚ ወንበር ላይ አንድ ሽማግሌና ጥቁር የለበሰች ወጣት ሰላም ብለውኝ አጠገቤ ተቀመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይከራከሩ ጀመር። የሰው ወሬ ማዳመጥ ነውር መሆኑን ለአርባ ዓመት ያስተማርኩ ሰው፣ ጆሮዬን ጣል አደረግሁ።

ሽማግሌው የድንጋይ መፍጫ ፎርማን ናቸው። ሠራተኛውን በፊሽካ ስለሚያስገቡና ስለሚያስወጡ «ጋሽ ፊሽካ» ይሏቸዋል። ወጣቷ የታናሽ ወንድማቸው ልጅ፣ የጤና ትምህርት ቤት ተማሪ ናት። አባቷ በዚያው መፍጫ ለዐሥራ ስድስት ዓመት ማሽኑን ድንጋይ ሲያጎርስ ኖሮ፣ አቧራው ሳንባውን ጨርሶት ከሦስት ወር በፊት ሞቷል።

በሥራው ጠንቅ ታሞ ለሞተ ሠራተኛ ቤተሰብ የሚከፈል አበል አለ። ሚስቱ አመለከተች፤ ተከለከለች። ራጁ ላይ አቧራው ቢታይም፣ የሆስፒታሉ ካርድ ላይ አንዲት መስመር ሰፍራለች፦ «ከልጅነቱ ጀምሮ ደረቱን ያመው እንደነበር ታላቅ ወንድሙ ገልጸዋል።» የይግባኙ ጊዜ የሚያበቃው ዐርብ ነው። ቃሉን የሰጠው ሰው ራሱ ቀርቦ ካላረመው፣ እናትና ሁለት ትንንሽ ልጆች ባዶ እጃቸውን መቅረታቸው ነው። ጋሽ ፊሽካ እስከ በሩ መጡ እንጂ አልገባም ብለዋል።

«እስቲ እርስዎ ይፍረዱን» አሉኝ፣ ማዳመጤን አውቀውብኝ። «እኔ በወንድሜ ሬሳ ገንዘብ አልቀበልም። ሰው ምን ይለኛል? ደግሞስ እኔ እያለሁ ልጆቹ ጦማቸውን አያድሩም።»

«ሬሳ መሸጥ አይደለም፣ አጎቴ» አለች ልጅቱ። «ችሮታም አይደለም፤ አባዬ በየወሩ ከደመወዙ ሲቆረጥበት የኖረ ነው። እርስዎ እያሉ እንደማንራብ አውቃለሁ፤ ዕድሜዎን ያርዝመው። ግን እርስዎም የሚያስሉት ያንኑ ሳል ነው።»

እኔም አላስችል አለኝና፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም አልኩ። ለሞተ ሰው የማይሆን ተረት መጥቀሴ የገባኝ ከተናገርኩ በኋላ ነው፤ አፈርኩ። ለነገሩ እኛ ሰዎች እንዲህ ነን። ሰው እንዳይሸሸን ሳሉን ብርድ ነው እንላለን፤ ሞቱን ደግሞ ቀኑ ደርሶ ነው ብለን እንሸኛለን። እኔም እንዲሁ ስል ኖሬአለሁ።

ልጅቱ ግን ተረት አልፈለገችም። ያ መስመር ሳይታረም ከቀረ፣ ነገ በዚያ መፍጫ የሚሞተው ሁሉ ከልጅነቱ በሽተኛ ነበር እንደሚባል፣ ድንጋዩን እያረጠበ አቧራውን የሚገታ የውሃ ቱቦ ለምን አልተገጠመም ብሎ የሚጠይቅም እንደማይኖር በትሕትና አስረዳቻቸው። ከዚያ ዓይን ዓይናቸውን እያየች ጠየቀቻቸው።

«የአባዬ ደረት ጤነኛ ነበር። ትከሻው ላይ አስቀምጦኝ ዳገት ሲወጣ አስታውሳለሁ። ለምን እንደዚያ አሉ?»

ጋሽ ፊሽካ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«እኔ ነኝ ያስገባሁት» አሉ በመጨረሻ። «ሥራ ፈትቶ ሲንከራተት አለቃውን ለምኜ፣ እጁን ይዤ ወስጄ ማሽኑ ሥር ያቆምኩት እኔ ነኝ። አቧራው ነው ካልኩ፣ ገደልኩት ማለቴ አይደል? እናታችን ይህን ሳትሰማ መሞቷ በጀኝ።»

የማውቀው ተረት ሁሉ ጠፋብኝ።

ልጅቱ እጃቸውን ያዘች። «እርስዎ የሰጡት ሥራ ነው፤ እኔም የተማርኩት በዚያ ሥራ ነው። አቧራውን የሰጠው፣ ቱቦ መግዛት የከበደው የመፍጫው ባለቤት ነው። የእሱ ጥፋት በእርስዎ ቃል ተሸፍኖ እንዳይቀር ነው የምለምንዎት። እማዬም ራስዎን እንደሚወቅሱ ታውቃለች፤ አልተቀየመችዎትም።»

«ታውቃለች?»

«ከቀብሩ ቀን ጀምሮ።»

ሽማግሌው ፊታቸውን በባርኔጣቸው ሸፍነው አለቀሱ። ሲበቃቸው ተነሡና፣ ምስክር እንድሆናቸው እኔንም አስከትለው ገቡ። ወንበር ቢሰጣቸው አልተቀመጡም። ወንድማቸው ጤነኛ እንደነበረ፣ ሥራው እንደገደለው፣ የፊተኛው ቃላቸው ከፍርሃት የመጣ ውሸት መሆኑን ተናገሩ። ጸሐፊዋ የጻፈችውን አነበበችላቸው፤ ፈረሙ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። አፍ ራሱ ተመልሶ ሲያቃናው ግን በዓይኔ አየሁ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ልጅቱን መንገድ ላይ አገኘኋትና ሁሉን አጫወተችኝ። አበሉ ተፈቅዷል። እናቷ በየወሩ ትቀበላለች፤ ልጆቹም ለአቅመ ሥራ እስኪደርሱ ድርሻቸው አይቋረጥም። ቤት ኪራዩ አልተጓደለም፤ ታናናሾቿም ከትምህርት አልቀሩም። የአባታቸውን ቦታ የሚሞላ ግን የለም፤ ትንሹ ልጅ ማታ ማታ በሩን ማየት አልተወም። እኔ በበኩሌ ይህን ለሚያነብ ሁሉ የምመክረው ይህን ነው፦ ሐኪም ዘንድ ስትቀርብ የምትሠራውን ሥራ ሳትደብቅ ተናገር፤ ሳሉ የጀመረህን ጊዜ አስጽፍ፤ የሥራህንም ወረቀት ሚስትህ በምታውቀው ቦታ አኑር። ይህን ማድረግ ሞትን መጥራት አይደለም።

የሞቱ ምክንያት በትክክል በመጻፉ፣ ቢሮው መፍጫው ላይ ውሃ እንዲረጭ አስገድዶ ሠራተኛውን በሙሉ የሚመረምር ሐኪም ላከ። ልጅቱም በዚያ ቀን ልታግዝ ሄዳ ነበር። ሠራተኞቹ በሩ ላይ ቆመው እርስ በርስ ይገፋፋሉ እንጂ የሚገባ ጠፋ። ጋሽ ፊሽካ ሰልፉን አልፈው ፊተኛ ሆነው ቀረቡ። ሐኪሙ ራጃቸውን ወደ ብርሃኑ አንሥቶ አየና፣ ሰው እንዳይሰማባቸው ወደ ጆሯቸው ጎንበስ አለ።

«ቀና ብለህ ጮክ በል፣ ልጄ» አሉት። «ከኋላዬ ያሉት ይስሙ።»

ሐኪሙም ጮክ ብሎ ነገራቸው።