የሦስት አገር ወይን፣ አንድ መዓዛ

ነይ እስቲ ተቀመጪ፣ የኔ እናት። ያቺን ፎጣ አቀብዪኝና ብርጭቆዎቹን አብረን እንወልውል። በሩን?… ኧረ ተዪው፣ ይሞቃል። ማዶ ያለ ሰው ቢሰማንስ ምን ክፉ አወራን?

ስሚማ፣ አማታችን ነገ ለምግብ ቤቱ ወይን የሚያዝዘውን ሰው ሊመርጡ አይደል? እስከ ዛሬ እኔ ሳዝዝ ኖሬያለሁ፤ ምን አውቄ! ሰው ማለት የወይን አገር ዞሮ ሲቀምስ ነው… ስም አልጠራም። የባሎቻችን እህት ስንት ናት? አንድ። በቃ፣ አልጠራሁም።

አብሬያት ሄጄ የለ? ሻንጣ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋላ። መጀመሪያ ዳገቱ ላይ ያለው እርሻ ገባን። ቀዱላት፤ አሸተተች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ «ጽጌረዳ… ትንሽ ሎሚ» አለች። አቤት አፍንጫ! ከዚያ ሐይቁ ዳር ወረድን። የዚያኛው እንኳ ቀለል ያለ ነው፣ ጨው ጨው ይላል። እሷ ግን «ጽጌረዳ… ትንሽ ሎሚ»። በመጨረሻ አሸዋማው ሜዳ፤ ወይኑ ጠቆር ያለ፣ ምላስ የሚይዝ፣ ጭስ ጭስ የሚል። እዚያስ ምን ያለች ይመስልሻል?… አዎ! አቋም ማለት እንዲህ ነው።

ጠማቂው ሽማግሌ ግን ጠጋ አለና አየር ሳብ አድርጎ… መስኮት ከፈተ። ለቅምሻ ሲኬድ ሽቶ አይቀቡም አሉ። እሷ ደግሞ ለሰዎቹ ክብር ብላ ግማሹን ጠርሙስ አንገቷ ላይ አፍስሳዋለች። አብረውን የሚቀምሱት አንድ በአንድ ብርጭቆአቸውን ይዘው ውጭ ወጡ። ሞኝ ባያፍር ዘመዱ ያፍራል ይባላል… እኔ እንኳ ኮራሁ እንጂ! ሌላው ዞሮ ዞሮ ከቤት ነው፤ እሷ ሦስት አገር ዞራ ዞራ ከገዛ አንገቷ ደረሰች። ይሄ ለማን ይሰጣል?

ቅናት? እኔ?… ኧረ በስመአብ! ያቆምኩት ጓዳ ነው፣ ከእጄ ሊወጣ ሲል ቢቆጨኝ ይፈረድብኛል? ለአማታችን የጉዞውን ነገር ትንፍሽ አላልኩም። ከጠየቁኝ ግን… ትልቅ ሰው ይዋሻል እንዴ?

ብቻ አሜን በይ። ፈጣሪ የራሷን ምግብ ቤት ይስጣት፤ ሰፊ፣ የሚያምር፣ ከእኛ የሚበልጥ። ወይኑን ሁሉ ራሷ ትምረጥ፣ ከልካይ አይኑራት። እኛም ለምረቃው ዘንጠን፣ እልል እያልን እንሄድላታለን… የምንጠጣውን ይዘን።