ያ ቀኝ እጅ

— ሄሎ… አዎ፣ እኔ ነኝ። በእኔ ስልክ ደውለህ ማን እንዲያነሣው ኖሯል?… የምሳ ሰዓት ነው። በምሳ ሰዓቴ የት እንዳለሁ የማስረዳት ግዴታ የለብኝም… መርጃ ማዕከል ነኝ። አዎ፣ እዚሁ ግቢ። አንገትህን በመስኮት ብታወጣ ታየኛለህ።

— "ማን ከፈተልሽ?" ቁልፍ ከፈተልኝ… የንብረት ክፍሏን ሴትዮ ተዋት፣ እሷን አትቆጣ። "ዳይሬክተሩ ለጉብኝቱ እንዳይነካ ብለዋል" ብላኛለች። ነግራኛለች፣ ሰምቻለሁ፣ ሰምቼ ነው ቁልፉን ከእጇ የወሰድኩት።

— ቆይ፣ ቆይ። በሩ ላይ ምን ተብሎ ነው የተጻፈው? "የመምህራን የማስተማሪያ መርጃ ማዕከል"… መምህር አይደለሁም እኔ?… እንግዲህ! ሉሉ ከነፕላስቲኩ ተቀምጧል። ሚዛኑ ከነካርቶኑ። የሰውነት ክፍሎች ሥዕሉ ተጠቅልሎ በላስቲክ ታስሯል። ሦስት ዓመት ሙሉ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! እኔ ልብን በጠመኔ ስስልላቸው ልጆቹ "ድንች ነው?" ይሉኛል… አልሳቅሁም። አንተም አትሳቅ።

— (አንቺ፣ ቁጭ በይ። ስልክ ነው፣ ምንም አይደለም። "ለ"ን ፈልጊ… እሱማ "ሐ" ነው፣ እግሩን ቁጠሪው እስቲ። "ለ" ስንት እግር ነበረው?… ጎሽ።)

— አልሰማሁህም፣ ድገመው… ከማን ጋር እሆናለሁ? ከአራቱ ጋር ነኛ! ጠዋት በዚያ ሁሉ እንግዳ ፊት ጭጭ ካሉት ጋር… ምን ላድርጋቸው ኖሯል፣ አልጋ ሥር ልደብቃቸው? ሄሎ? ትሰማኛለህ? ድምፅህን ቀንስ። እኔም ደንቆሮ አይደለሁም፣ ልጆቹም አይደሉም።

— አሻጥር?… እኔ፣ አሻጥር፣ በገዛ ወንድሜ ላይ? ዓይንህን በጨው አጥበህ! እሺ፣ ከሥሩ እንነጋገር። "መልሱን የምታውቁ ቀኝ እጃችሁን፣ የማታውቁ ግራ እጃችሁን አንሡ" የሚለው ጥበብ የማን ነው?… የማን ነው?… የዓመቱ የመጀመሪያ ጉብኝት ሲደርስ ቢሮህ ጠርተኸኝ፣ "እትዬ፣ ክፍሉ በሙሉ እጅ ሲያነሣ ሱፐርቫይዘር ደስ ይለዋል፤ አንቺ ቀኝ ያነሣውን ብቻ ጥሪ" አላልከኝም?… አዎ፣ ተስማማሁ። አልክድም። እኔው አለማመድኳቸው፣ እኔው ቀኝ ቀኙን ጠራሁ፣ ተጨበጨበልን፣ አንተም የምስክር ወረቀቱን ቢሮህ ሰቀልክ።

— እኮ፣ ዛሬ ምን ተለየ? እኔ ልንገርህ ምን እንደተለየ። ትናንት ሥልጠና ብለህ ላክኸኝ። ስለ ተማሪ ተኮር ትምህርት። ሰባት ሰዓት ሙሉ ወንበር ላይ ተጎልተን "ተማሪ መቀመጥ የለበትም" የሚል ጽሑፍ ተነበበልን! እኔ እዚያ ደርቄ ስውል አንተ ክፍሌ ገብተህ ልምምድ አደረግህ… ማን ነገረሽ አትበል። ሃምሳ ስምንት ልጅ ነግሮኛል። ፊታቸው ቆምክ። ቀኝህን ወደ ላይ አነሣህና "የምታውቁ፣ ይቺን እጅ!" አልክ። ግራህን አነሣህና "የማታውቁ፣ ይቺን!"… አዎ፣ ልክ እንደዚያ ነው ያልከው። አይ ወንድሜ! ፊት ለፊትህ የተቀመጠ ልጅ የአንተን ቀኝ አይቶ የትኛውን ነው የሚያነሣው?… እስቲ መስተዋት ፊት ቁም። አሁን ቁም!… ትንንሽ ልጆች ያስተማረ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። ለልጅ ቀኝና ግራ ስታሳይ ወይ ጀርባህን ትሰጣለህ፣ ወይ የራስህን ግራ አንሥተህ ቀኝ ትላለህ። ጠመኔ ከጣልክ ስንት ጊዜህ ነው?… ዘጠኝ ዓመት። ያስታውቃል።

— እናማ ግማሹ የእኔን ይዞ ቀረ፣ ግማሹ የአንተን ያዘ። እኔ በምን ልወቅ? ሦስት ሱፐርቫይዘር ከኋላ ተደርድሯል፣ ክፍሉ እጅ በእጅ ሆኗል። እንደ ልማዴ ቀኝ ያነሣውን ጠራሁ። ሰሌዳው ላይ ያለችውን አንዲት ዓረፍተ ነገር ለማንበብ። አንዲት!… ተነሣች። ዝም። ሌላ ጠራሁ፣ ዝም። ስድስት ልጅ ጠርቼ አራቱ ግንድ ሆነው ቀሩ። አንተ ደግሞ በር ላይ ቆመህ ዓይንህን ታጉረጠርጣለህ፤ ንባብ በቁጣ የሚመጣ ይመስል!

— አላስጠናኋትም!… አላስጠናኋትም አልኩህ። ሱፐርቫይዘሯ ናት የጠየቀቻት፣ ሽበታሟ። ጎንበስ ብላ፣ በደግነት፣ "የኔ ልጅ፣ ካላወቅሽው ለምን እጅሽን አነሣሽ?" አለቻት። ልጅቷ ምን ትበል? "ዳይሬክተሩ የማታውቁ ይቺን አንሡ ስላሉን ነው" አለች… እውነቷን ነዋ! አሥር ዓመቷ ነው። መዋሸቱን ገና አልቻለችበትም፤ እኛ ያስተማርናት እጅ ማንሣቱን ብቻ ነው።

— (ምን አልሽ የኔ እናት?… አዎ፣ እሱ ነው። አትፍሪ፣ ዳይሬክተር ሰው አይበላም። ወለል ላይ የወደቀውን አንሺው… እሱን ሳይሆን፣ ያንን።)

— ቆርኪ ነው። የለስላሳ ቆርኪ… ከየምግብ ቤቱ ደጃፍ ለቅሜ ነዋ! አጥቤ፣ ጠርዙን በመዶሻ አስተኝቼ፣ ወረቀት ለጥፌ ፊደል ጻፍኩበት። ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ፣ አንድም አልጎደለም። ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ቃል ይሠሩበታል… ቆሻሻ? ለጉብኝት አያምርም? ከቁም ሣጥንህ ውስጥ ያሉት ሃያ ታብሌቶችስ ያምራሉ? አንድ ልጅ ነክቷቸዋል?… ቆሻሻ በለው። ይቺው የጠዋቷ ልጅ ከሩብ ሰዓት በፊት በሁለት ቆርኪ "በር" ብላ ሠርታ፣ አየችው፣ አየችው፣ ከዚያ ተነሥታ ሄዳ በሩን በእጇ ነካችው። አራት ዓመት ስትመላለስ ያነበበቻት የመጀመሪያ ቃል ናት።

— የት ነበርሽ እስከዛሬ ትለኛለህ?… ልክ ነህ። እዚህ ላይ ልክ ነህ። ሰባት ወር አስተምሬያታለሁ። ከዚያ ከመጀመሪያው ጉብኝት ወዲህ በአዘቦቱም ቀን ግራዋን ታነሣ ነበር። አትጥሪኝ ማለቷ ነው። እኔም እየተመቸኝ አልጠራኋትም። ሃምሳ ስምንት ልጅ፣ አርባ ደቂቃ፣ ለአራት አንድ መጽሐፍ… ምክንያት አላጣም፣ ግን አፍሬበታለሁ። ትናንት አለቃ አዘዛትና እጇን ቀየረች፣ ተጋለጥን። እኔ ማፈሬን ስነግርህ አንተ ሰዓትህን እያየህ ነው አይደል?… አውቄሃለሁ።

— የምን ደብዳቤ?… አንብብልኝ… ቀስ ብለህ… "ከላይ ስማቸው የተጠቀሰው አራት ተማሪዎች ከሁለት ሳምንት በፊት ያለ ማስረጃ ከሌላ ትምህርት ቤት መጥተው በስህተት የተመዘገቡ በመሆናቸው"… ቀጥል… "ከስም ዝርዝር ተሰርዘው ወደመጡበት እንዲመለሱ ተደርጓል"።

— ወደመጡበት የት?… ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እዚሁ ናቸው! ማንም አይውደቅ እየተባለ፣ እየተገፉ፣ አራተኛ ደርሰዋል። የእኛው ናቸው። ደግሞስ አራት ብቻ መስሎህ? ሌሎቹ ስላልተጠሩ ነው። እነዚህ ያጠፉት መታየታቸው ነው።

— ማነው የሚቀበላቸው? ንገረኛ! በዓመቱ መካከል፣ ማኅደር የሌለውን፣ ማንበብ የማይችለውን ልጅ የትኛው ዳይሬክተር ይቀበላል? አንተ ትቀበላለህ?… የዚች እናት ልብስ አጣቢ ናት። ደብዳቤውን ቢሰጧት ገልብጣ ትይዘዋለች። የት ሄዳ ትጮኻለች? ልጅቷ በዚያው ትቀራለች፣ ባልዲ ትሸከማለች፣ አለቀ። ይህን አንተ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ።

— አልፈርምም… አልፈርምም… እትዬም ብትል አልፈርምም። ዛሬ እትዬ ሆንኩ? ጠዋት ኮሪደር ላይ በሰው ፊት "መምህርት፣ ሥራሽን የማትችይ ከሆነ" ስትለኝ የማን እህት ነበርኩ?… ወደ ንብረት ክፍል አዛውረኝ፤ ሉሉን ከፕላስቲኩ አወጣዋለሁ… ልጆችህን አታንሣብኝ። ልጆችህን! ልጆችህን በሁለት ታክሲ ሌላ ትምህርት ቤት ነው ከፍለህ የምታስተምራቸው። ዳይሬክተሩ ያላመነውን ትምህርት ቤት ማን ይመነው?… አዎ፣ ክፉ ነኝ። አፌ መርዝ ነው። ሌላስ?

— ምን?… ቆይ፣ ተቆራረጠብኝ። ሄሎ? ድገመው… ተፈርሟል?… ማን ፈረመው?… እኔ ነኝ የምጠይቅህ፣ ማን ፈረመው?

— …በእኔ ስም።

— …በእኔ ፊርማ። ከነጭረቱ።

— አይ፣ አልጮኽም። መጮኽ አቃተኝ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ አሉ… ዝም በል፣ አሁን እኔ ነኝ የምናገረው። አባባ ሲሞት አምስት ዓመትህ ነበር። እርሳስ አያያዝ እምቢ ብሎህ ስታለቅስ፣ እጅህን በእጄ ውስጥ አድርጌ ስምህን ያስጻፍኩህ እኔ ነኝ። ምሽት ምሽት፣ ጣቶችህ እስኪዝሉ። በዚያ እጅ ነው?… "ለቤተሰባችን ብዬ" አትበል። ለወንበርህ ብለህ ነው። ቢያንስ እሷን እንኳ አትዋሸኝ።

— ስንት ሰዓት?… ለስምንት አምስት ጉዳይ። እሺስ?… በጓሮ በር? ልጆቹን በጓሮ በር ላስወጣ? ምን ሰርቀው ነው?… ዘበኛውን ላክ። ላክና እየው፤ በእኔ ላይ ተረማምዶ ነው የሚያወጣቸው።

— (ልጆች፣ ማንም አይነሣም። ቁጭ በሉ፣ ሥሩ።)

— አለሁ… እንግዶቹማ ምሳቸውን በልተው መጥተዋል። ግቢውን እያቋረጡ ነው፣ በመስኮት አያቸዋለሁ። ሽበታሟ ቀድማለች፣ ፋይሉን አቅፋለች። ወደ ቢሮህ አልታጠፉም… ወደዚህ ነው። መርጃ ማዕከሉን በፕሮግራሙ ያስገባኸው አንተ አይደለህም እንዴ፣ እንዲያምርልህ?… አትሩጥ፣ ደረጃው ዛሬ ታጥቧል… "ምንም አትናገሪ"? እኔ ነኝ ምንም የማልናገረው?

— (ይግቡ! ክፍት ነው… ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ስልክ ይዤ ነው… ቆርኪ ነው። ይንኩት፣ ለመነካት ነው የተሠራው… አዎን፣ የጠዋቶቹ ናቸው። አራቱም የእኔ ተማሪዎች ናቸው፣ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እዚሁ የተማሩ… ዳይሬክተሩ የሰጧችሁ ደብዳቤ?… እስቲ ልየው። አዎን፣ ስሙ የእኔ ነው። ፊርማው የእኔ አይደለም… እጅ ማንሣቱስ? እሱን እነግርዎታለሁ። መጀመሪያ ያለማመድኳቸው እኔ ነኝ። በዓመቱ መጀመሪያ የጨበጨባችሁልን በዚያው ነው። ልጆቹ ምንም ጥፋት የለባቸውም። ይጻፉት… አይ፣ በደንብ ይጻፉት፣ "የክፍሉ መምህርት አምናለች" ብለው። እጠብቅዎታለሁ።)

— ሄሎ?… አለህ?… ስታለከልክ ይሰማኛል። ሰማህ አይደል? የራሴን ጥፋት አስጽፌ ፈርሜያለሁ። ከፊርማዬ ሥር አንድ መስመር ባዶ ቦታ አለ፣ እስክሪብቶም አለ… አልለመንኩህም። ልዘጋው ነው። ና፤ አንድ ጊዜ እንኳ በራስህ ስም ፈርም።