ጀልባዋ እስክትገባ

የተከበርሽ ሰብሳቢያችን ኢሞጅን፣ ክቡራትና ክቡራን የቢራ ቀጂዎች፣ ድንኳን ተካዮች፣ ቆሻሻ ለቃሚዎች፣ ጓደኞቼ፤

እሑዳችሁን ለእኔ ብላችሁ ስለተዋችሁ አመሰግናለሁ። ይህን አዳራሽ በነፃ የፈቀደልንን የቦውሊንግ ክለብ፣ ውጭ ቆመው ቋሊማ የሚጠብሱትንም አመሰግናለሁ። ኬክ እየተጋገረልኝ መሆኑን ስሰማ ደንግጬ ነበር። በከተማችን በኮሪጋን ኬክ ከበዛ ወይ ሰው ሞቷል፣ ወይ የትምህርት ቤቱ ጣሪያ አፍስሶ ገንዘብ ሊሰበሰብ ነው።

ንግግር አልችልም። ትምህርቴም ብዙ አይደለም። ስለዚህ ቀስ ብዬ ጽፌዋለሁ፤ ቀስ ብዬም አነበዋለሁ። ቃል ብስት ከቢራው አይደለም፤ ገና አልቀመስኩም።

ከቢራና ዘፈን በዓላችን ሥራ ለምን ትወጫለሽ ብላችሁ ጠይቃችሁኛል። ከበሮ መቺውን ክላይቭን ተቀይማ ነው የሚለው ወሬ ዳቦ ቤት ድረስ ደርሷል። አልተቀየምኩም። ክላይቭ፣ ቀና በልና ቋሊማህን ብላ። የምሄደው ስለምፈራ ነው። ዛሬ የቆምኩት ይህን በግልጽ ልነግራችሁ ነው።

ልጄ ኤዋን ወንዙ ባሕር ከሚገባበት አፍ ወጥቶ የቀረ ዕለት አብዛኞቻችሁ ባሕሩ ዳር ነበራችሁ። ያኔ ኮሪጋን የነፍስ አድን ጀልባ አልነበራትም። ከሌላ ከተማ ተጠራች፤ መጣችም፤ ዘግይታ ነበር። ከዚያ በኋላ ባለው ክረምት ኢሞጅን ጋራዧ ውስጥ የጠመቀችውን ቢራ በጠርሙስ ይዛ ደጄን አንኳኳች።

“ግሌኒስ፣ ማልቀሱን አልቅሺ” አለችኝ። “ግን ጀልባ እንግዛ።”

“በምን?”

“በቢራ።”

“አብደሻል።”

“አዎ። ዘፈንም ይኖረዋል።”

በዓላችን እንዲህ ተጀመረ። ሰው በየጋራዡ የጠመቀውን፣ ጊታር ያለውም ጊታሩን ይዞ መጣ። የመጀመሪያው ዓመት ቢራ፣ ጠማቂዎቹ ይቅር በሉኝና፣ እርጥብ የጎማ ጫማ ይሸት ነበር። ለጀልባዋ ነው ተብሎ ተጠጣ። ዛሬ ሰው ከትልቅ ከተማ መጥቶ ይሰለፍበታል። ጀልባዋ ተገዛች። የእሳት አደጋ ቡድናችን የውኃ መኪና አገኘ። ሽማግሌዎቻችንን ሐኪም ቤት የሚያደርስ መኪና አለን። በዚህ ሁሉ ውስጥ ደመወዝ የበላ አንድም ሰው የለም።

ጀልባዋን በኤዋን ስም እንጥራት ስትሉኝ እምቢ አልኩ። ኮርቼ አይደለም። ልጄን ሁለተኛ ጊዜ ወደዚያ ውኃ አልልከውም ብዬ ነው። ፔሊካን ተባለች። ፔሊካን የሚባለው ወፍ ሰምጦ አያውቅም።

የፔሊካን ሠራተኞች እኛው ነን፤ ጊታር መቺው፣ ቢራ ቀጂው፣ ቋሊማ ጠባሹ። በበዓሉ ቀን ተረኛ የሆነ ሰው ማንም ቢራ እንዳይቀዳለት አውራ ጣቱን አረንጓዴ ይቀባል። ሙዚቃ ማቆሙን ደግሞ ለእኔ ሰጣችሁኝ። የአደጋ ጥሪው ሳይረን ሲጮኽ ማይክራፎኑን ይዤ “ጀልባዋ ወጣች” እላለሁ። ዘፋኙ ስንኙን ሳይጨርስ ያቆማል፤ ሰዉ መንገድ ይለቃል። ፔሊካን ሰማያዊ መብራቷን እያርገበገበች በወንዙ አፍ እስክትመለስ ማንም አይዘፍንም። ቢራ ግን ይቀዳል፤ ሰው ነን።

ያን ሥራ ስሠራ አልፈራም ነበር። የሚወጣው የሌላ ሰው ልጅ ነበራ።

ዘንድሮ በበዓሉ ቀን ሴቷ ልጄ ታምሲን አውራ ጣቷን ቀብታ መጣች።

“ምንድን ነው ይሄ?” አልኳት።

“ቀለም ነው፣ እማ።”

“ቀለም መሆኑን አያለሁ።”

“ታዲያ ምን ትጠይቂኛለሽ?”

ሥልጠናውን ሁሉ ሳትነግረኝ ጨርሳ ኖሯል። ጀልባዋን የሚነዳው ቤቨንም ያውቅ ነበር፤ በየቀኑ ሱቅ እየተገናኘን ስለ አየሩ ሲያወራኝ ከረመ። ቤቨን፣ አንተን በኋላ አገኝሃለሁ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሳይረኑ ጮኸ። ሁለት ሰዎች የያዘች ትንሽ የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ከወንዙ አፍ ውጭ ተገልብጣለች ተባለ። “ጀልባዋ ወጣች” አልኩ። ድምፄ ደህና ነበር አሉ። ታምሲን ስትሮጥ ጀርባዋን ብቻ አየሁ።

ጠበቅን። ነፋሱ በረታ። የወንዙ አፍ ላይ ማዕበሉ ነጭ ነጭ እያለ ይሰበራል። ስልክ እንደ ልማዱ በበዓሉ ሕዝብ ብዛት ተጨናንቆ አይሠራም፤ ሬድዮው ያለው የጀልባ ቤቱ ውስጥ፣ ከወንዙ ማዶ ነው። ዓይናችን ብቻ ነበር ያለን። ያኔ ሰማያዊ መብራት ብቅ አለ። ክላይቭ ከበሮውን መታ። ጊታሮቹ ተከተሉ፤ ሰዉ ተቃቀፈ። አንዱ የማላውቀው እንግዳ ጉንጬን ሳመኝ።

መብራቱ ግን አይርገበገብም ነበር። በመብራት ዓሣ የሚስብ የአጥማጅ ጀልባ ነው።

ማይክራፎኑ እጄ ላይ ነው። ለምን ወዲያው አልተናገርኩም? ብናገረው እውነት የሚሆን መስሎኝ ነው። ሕዝቡ ሁሉ ገብታለች ብሎ ሲጨፍር፣ አለመግባቷን ብቻዬን ይዤ ቆምኩ። እንዲህ ያለውን ፍርሃት ታውቁታላችሁ? እኔ ዘንድ አንዴ መጥቷል፤ መንገዱን ስለሚያውቅ አሁን ፈጥኖ ነው የሚመጣው። የኤዋንን ፊት አሰብኩ፤ ቀጥሎ ያሰብኩትን አልነግራችሁም።

“አልገቡም” አልኩ። ማንም አልሰማኝም።

“ክላይቭ፣ አልገቡም።”

ከበሮው ቆመ። ሁሉም ቆመ። ሰዉ ማንም ሳያዘው ብርጭቆውን ሣሩ ላይ አስቀመጠ። ያን ጊዜ ቢራ የጠየቀ አልነበረም። ክላይቭ ከመድረክ ወርዶ መጣ። ይቅርታ አልጠየቀኝም። ጃኬቱን ትከሻዬ ላይ ጣለና “እኔም ልወድቅ ነው፣ ግሌኒስ። ያዢኝ” አለኝ። ያን የሚያህል ሰውዬ ያዝኩት። ስንቱን ቋሊማ እንደሚበላ ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

ሲመሽ ገቡ። ሁለቱም ሰዎች ድነዋል። የተገለበጠችው ጀልባ ገመድ ሞተራቸው ላይ ተጠምጥሞ ነው የዘገዩት። ታምሲን እንደ ራሰች ወደ ሜዳው መጣችና ሰዉን ሁሉ አየች።

“ምነው ጸጥ አላችሁ? ሰው ሞተ እንዴ?”

ከዚያ እኔን አየችኝ፤ አፏን በእጇ ያዘች።

በማግስቱ ወጥ ቤት ተቀምጠን ሥራውን ተዪው አልኳት። አንድ ልጅ ሰጥቻለሁ፣ የምጨምረው የለኝም አልኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር። አልተቆጣችም።

“እማ፣ ያኔ ኤዋን ጋ ሰው ያልደረሰው ጀልባ ስላልነበረ ነው። አሁን ጀልባ አለ። የገዛሽው አንቺ ነሽ። ማን እንዲወጣበት ብለሽ ነበር? የሌላ ሰው ልጅ?”

እናንተ መልስ ካላችሁ ከኬኩ በኋላ ንገሩኝ።

“አትፈሪም?” አልኳት።

“እፈራለሁ እንጂ። ውኃው ላይስ ሥራው ፍርሃቱን ያስረሳል። የሚያስፈራኝ ጠርተን ጠርተን ሬድዮው ዝም ሲል ነው። በሥራ ቀን እኮ ሁሉም ሥራው ላይ ነው፤ ጀልባ ቤቱ ውስጥ የሚመልስልን ሰው የለም።”

የምሄደው ወደዚያ ነው። ሬድዮው አጠገብ ልቀመጥ ቤቨንን ጠየቅኩት፤ በሚቀጥለው ማክሰኞ እጀምራለሁ። ድፍረት አገኘች እንዳትሉ። ማዳመጫውን ገና ለልምምድ ጆሮዬ ላይ ሳደርገው አውልቄው ውጭ ወጥቼ ተቀመጥኩ። ግን ሜዳ ላይ ቆሜ መብራት ከምቆጥር፣ የምፈራውን ሰው ድምፅ እየሰማሁ ብፈራ ይሻለኛል። እሷም ስትጣራ የሚመልስላት ሰው ታገኛለች።

ኢሞጅን ማይክራፎኑን ማን ይያዘው ስትለኝ ክላይቭ አልኩ። ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ከአሁን በኋላ በዚህ አገር ከክላይቭ በላይ መብራትን የሚጠራጠር ሰው አይገኝም።

እንግዲህ ወዳጆቼ፣ ቢራችሁ አይኮምጥጥ። ድንኳናችሁን ነፋስ አይንቀልባችሁ። ዝናቡ ከበዓሉ ማግስት ይምጣ። ልጆቻችሁ ከሄዱበት ሁሉ ይመለሱላችሁ፤ ያልተመለሰላችሁ ደግሞ፣ እኔ እንዳላጣሁ፣ አጠገባችሁ የሚቆም ሰው አትጡ። የሚመጣው ዓመት በዓል ከዘንድሮው ይብለጥ፤ ሳይረኑም ዝም ብሎ ይዋል።

ወደ ባሕር የምትወጡትን አንድ ነገር ልለምን። ስትወጡ በሬድዮ ንገሩኝ። ስትመለሱም ንገሩኝ። ደክሞናል፣ በርዶናል፣ አንድ ጊዜ ደርሰናል ብላችሁ እንዳትተዉት። እኔ ከወንበሩ የምነሣው “ገብተናል” ስትሉኝ ነው።