የመምህር አስማረ የሕይወት ታሪክ ጽሑፎች በቴሌግራም ስለመለጠፋቸው የተሰጠ የምስክር ቃል

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ ዓይናዲስ አስማረ ቢያዝን
ዕድሜ፦ 52
ሥራ፦ ልብስ ስፌት
አድራሻ፦ ሰቆጣ ከተማ፣ ቀበሌ 02
ቀን፦ ሚያዝያ 18 ቀን 2015 ዓ.ም.
ቃል ተቀባይ፦ ዋና ሳጅን ምህረት ይግዛው

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተገለጸው ምስክር፣ ወንድሜ ጌታሰው አስማረ በአቶ ምንዋጋው መልሰው ላይ ባቀረበው የቅጂ መብት አቤቱታ የማውቀውን እንድናገር ተጠይቄ የሚከተለውን አስረድቻለሁ።

ጽሑፎቹ በ2011 ዓ.ም. ያረፉት የአባታችን የመምህር አስማረ ቢያዝን ናቸው። በሕይወት ሳሉ በሰቆጣና በዙሪያዋ ሰው ሲሞት የሟቹን የሕይወት ታሪክ የሚጽፉት እሳቸው ነበሩ። ለቅሶ ቤት ገብተው ከዘመድ ጋር ተቀምጠው የትውልድ ሐረጉን ይጠይቃሉ። ሌላ ሰው የማይጽፈውንም ይጽፉ ነበር። አንድ ንብ አናቢ ሽማግሌ ሲያርፉ አባታችን “ማር በቆረጡ ቁጥር የሰፈሩን ልጆች ያስልሱ ነበር” ብለው ሲያነቡ፣ ልጅ ሆኖ ከሽማግሌው እጅ ማር የላሰው ሁሉ እያለቀሰ መሳቁን አስታውሳለሁ። ከቀብር በኋላ ሰዉ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተቀምጦ በአማርኛ ያነቡለታል፤ አማርኛ ለማይሰሙት ደግሞ በኽምጣኛ በቃላቸው ይደግሙታል። በእያንዳንዱ ጽሑፍ ግርጌ “ጸሐፊ አስማረ ቢያዝን” የሚል አለበት።

አቶ ምንዋጋው የአምደወርቅ ተወላጅ ሲሆን ሰቆጣ ውስጥ ፎቶ ኮፒ ቤት አለው። አባታችን በእጅ የጻፉትን በኮምፒውተር የሚተይብላቸው እሱ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ቤታችን ተዘርፎ የአባታችን ወረቀት በሙሉ ጠፋ። ምንዋጋው ግን ሲሸሽ የተየባቸው ጽሑፎች ያሉበትን ፍላሽ በኪሱ ይዞ ስለነበር የእሱ ቅጂ ተረፈ። ባለፈው ጥቅምት፣ ዘር ማንዘሩን ለሚፈልግ ሰው ይጠቅማል ብሎ ጽሑፎቹን በቴሌግራም ቻናል መለጠፍ ጀመረ። እኛን አላስፈቀደም። የአባታችንንም ስም ሰርዞ በቦታው የቻናሉን ስም አስገባ።

ጌታሰው ይህን ያየው በየካቲት ወር ነው። ስልኩን ይዞ ስፌት ቤቴ መጣና “እትዬ፣ አባባ የሉበትም” አለኝ። እኔም ከፋኝ። አብረን ሄደን ምንዋጋውን ስንጠይቀው፣ “ሁሉም ቻናል እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ ክፋት አስቤ አይደለም” አለ። በማግስቱ ጌታሰው ቻናሉ እንዲዘጋ ለፖሊስ አመለከተ።

በመጋቢት ወር ወ/ሮ ማዕረግ የምትባል ሴት ከፓዌ መጣች። በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ጊዜ፣ ልጅ ሳለች፣ ከአባቷ ጋር ለሰፈራ ተወስዳ እዚያው ያደገች ናት። እናቷ ወ/ሮ አበዛሽ ሰቆጣ ዙሪያ ቀርተው በ2008 ዓ.ም. አረፉ። የሕይወት ታሪካቸውን የጻፉት አባታችን ናቸው። ማዕረግ በስልኳ ያገኘችው ይህንኑ ጽሑፍ ነው። የእናቷን መሞትም፣ የአጎቶቿን ስምም ያወቀችው ከዚያ ነው።

በቻናሉ በኩል ስላገኘችው ምንዋጋው ወደ ቤታችን ይዟት መጣ። ማዕረግ እንደተቀመጠች፣ “ይህን የጻፉትን ሰው እጃቸውን ልስም ነው የመጣሁት። ስማቸውን ብፈልግ ብፈልግ ግን ጽሑፉ ላይ አጣሁት” አለች። ማረፋቸውን ነገርናት። ምንዋጋው ቀና ብሎ ሊያየን አልቻለም። ከዚያ “ጌታሰው፣ በድያለሁ” አለ።

በማግስቱ አራታችንም እናቷ ወደተቀበሩበት ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ከአጎቶቿ አንዱም እዚያ ጠበቁን። ማዕረግ በቀብሩ ዕለት ስላልነበረች ታሪኩ እንዲነበብላት ለመነች። ጌታሰው ከስልክ አነበበው፤ ድምፁ ቁርጥ የአባታችን ነው። “ልጃቸው ማዕረግ ለሰፈራ ከሄደች ወዲህ ወሬዋ አልተሰማም” ከሚለው ሲደርስ ማንበብ አቃተው። ማዕረግ እጇን መቃብሩ ላይ አድርጋ፣ “አለሁ እማዬ፣ አለሁ” አለች። አጎቷ በኽምጣኛ አብረዋት አለቀሱ። የቀረውን ያነበብኩት እኔ ነኝ።

ስንመለስ ምንዋጋው የአባታችንን ስም በሁሉም ጽሑፎች ላይ መልሶ አስገባ። እኔ እንደ ወራሽነቴ የምለው፣ ሳያስፈቅድ መለጠፉና የአባታችንን ስም መሰረዙ ጥፋት ነው፤ ቻናሉ እንዲዘጋ ግን አልፈልግም። ወንድሜም አቤቱታውን እንደሚያነሳ ነግሮኛል።

ከዚያ ወዲህ ከወለጋም ከጋምቤላም ዘመድ የሚፈልጉ ሰዎች በቻናሉ ይጽፋሉ። መልስ የሚሰጣቸው ጌታሰው ነው። ትናንት ስፌት ቤቴ ተቀምጦ አንዱን በስልክ ሲያነጋግር፣ “የማን ልጅ ነህ? አያትህስ ማን ይባላሉ? ቀስ ብለህ አስታውስ፤ እኔ እጠብቅሃለሁ” ሲለው ሰማሁት። የስፌት መኪናዬን አቁሜ አዳመጥኩት።

ቃሌ ተነብቦልኝ እንደተናገርኩት ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ያየሁትንና የሰማሁትን እንጂ የጨመርኩት የለም፤ ለእውነተኛነቱም እፈርማለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ዓይናዲስ አስማረ
የቃል ተቀባይ ፊርማ፦ ዋና ሳጅን ምህረት ይግዛው