በአንድ ሊትር እስከ ሾላው

ሠላሳ አንድ ዓመት ፊዚክስ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ስሜ እንዳሻው ነው። ጭሮ ውስጥ ያስተማርኳቸው ልጆች ቢሰበሰቡ አንድ ቀበሌ ይሞላሉ። ያስተማርኩት ነገር ለሰው ነፍስ ምን እንደሚረባ በዓይኔ ያየሁት ግን ባለፈው መጋቢት የሞተር ሳይክሌ ጎማ ተንፍሶብኝ አንዲት ጋራዥ በር ላይ ስቆም ነው። ያየሁት ደስ የሚል አይደለም። አስቀድሜ ተናግሬአለሁ፣ ኋላ እንዳትወቅሱኝ።

ጋራዧ የሰርካ ናት። ሰርካ ተማሪዬ ነበረች፤ ከቴክኒክና ሙያ ተመርቃ ወደ በደሳ መውጫ ላይ ቆርቆሮ ቤት ተከራይታ ሞተር ትጠግናለች። ሴት ልጅ ካቻቢቴ ይዛ ሲያዩ እስከ ዛሬ የሚስቁ አሉ። ይሳቁ። እኔ ግን ጎማዬን ለሌላ ሰው አልሰጥም።

እሷ ጎማዬን ፈትታ እኔ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ሳለ አንድ ሽማግሌ በሞተር መጡ። ጭሱ ቀድሟቸው ነው የደረሰው፤ ጥቁር፣ ዓይን የሚያቃጥል። ወረዱና ሰላምታ ሰጡን። ኦቦ ሀሚድ ይባላሉ፤ ከበደሳ ወዲህ ካለ መንደር ጫት ወደ ጭሮ የሚያመላልሱ ገበሬ ናቸው። ከሰው ሁሉ ጋር የሚነጋገሩት «አንተ»፣ «አንቺ» እያሉ ነው። ንቀት አይደለም፤ አማርኛውን የለመዱት ገበያ ላይ ነው።

«ኢንተላ ኮ» አሏት ሰርካን፣ «ልጄ» ማለታቸው ነው። «ካርቡሬተሩን ትንሽ ክፈቺልኝ። የኋላውንም ጎማ አተንፍሺልኝ።»

ሰርካ ቀና አለች። «ለምን ኦቦ ሀሚድ?»

«ልጄ ሀኒፋ ወሯ ገብቷል። ምጧ ሲመጣ ጭሮ ሐኪም ቤት የማደርሳት እኔ ነኝ። ዳገቱን ታውቂዋለሽ።»

ነገሩ ልማድ ነው፤ እዚህ አገር ነፍሰ ጡር በሞተር የሚጭን ሰው ሁሉ ያደርገዋል። መንገዱ እንዳይጎረብጣት ጎማው ይተነፍሳል፤ ዳገት እንዲወጣ ደግሞ ካርቡሬተሩ ተከፍቶ ቤንዚኑ ይጨመርለታል። ደግ ልብ ያመጣው ልማድ ነው። ደግነቱን ማንም አይክድም።

ሰርካ እጇን በጨርቅ ጠረገችና እሳት የሚጭረውን ካንዴላ ፈታ በመዳፏ ላይ አሳየቻቸው። ጥላሸት ለብሷል።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ አባቴ፤ ይህ ሞተር ቤንዚን አልጎደለውም። በዝቶበታል። ማነው እንዲህ የከፈተው?»

«ሚኤሶ ያለ ሜካኒክ። እኔ ነኝ ክፈትልኝ ያልኩት። ሞተር እኮ እንደ በሬ ነው፤ ካልጠገበ አይጎትትም!»

«በሬ የሚበላው ሣር ነው። ሞተር የሚበላው ግን ቤንዚንና አየር አንድ ላይ ነው። ከሰል ምድጃ አፉ ሲዘጋ ምን ይሆናል?»

«ይጨሳል።»

«ከሰል ቢጨምሩበትስ?»

«አቦ፣ የባሰ ይጨሳላ!»

«እንግዲህ የእርስዎም ሞተር ይኸው ነው» አለችና የአየር ማጣሪያውን ከፈተች። በወፍራም ጨርቅ ተጠቅልሏል። «ይህስ?»

«አቧራ እንዳይገባ ብዬ ነው።»

«አቧራው ብቻ መሰለዎት የተከለከለው? አየሩም አብሮ ተከልክሏል።»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። ዝም ማለት ግን የት ለምጄ! ጣልቃ ገባሁ።

«ኦቦ ሀሚድ፣ ሚኤሶ ቆላ ነው፣ አየሩ ወፍራም ነው። ወደ ኩኒ ሲወጡ አየሩ ይሳሳል። ስለዚህ ደጋ ላይ ሞተሩ ቤንዚን የሚቀነስለት እንጂ የሚጨመርለት አይደለም። የተነፈሰ ጎማ ደግሞ መሬቱ ላይ እየተለጠፈ ነው የሚሄደው፤ ሞተሩን ወደ ኋላ ይይዘዋል። ለመሆኑ በአንድ ሊትር ምን ያህል ይሄዳል?»

ሽማግሌው አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው መለሱልኝ፤ ግን ወደ እኔ አላዩም።

«እስከ ሾላው።»

«የትኛው ሾላ?»

«ኩኒን አልፈህ፣ የመጨረሻው ዳገት ወገብ ላይ ያለው።» በእጃቸው ወደ ዳገቱ አመለከቱ። «ሙስሊማ የምትባል ልጅ ነበረችኝ፣ የሀኒፋ ታላቅ። የዛሬ ሁለት ዓመት ምጥ ያዛት። ማደያ ሁሉ ባዶ ነበር። ናስር ከሚባል ጎረቤቴ በጠርሙስ አንድ ሊትር ቤንዚን ገዛሁ። እሷን መሃል አድርገን እናቷ ከኋላ ደግፋት ወጣን። ሾላው ጋ ስንደርስ ሞተሩ ጠፋ። ደም ይፈሳት ነበር። መኪና እስኪመጣ ሦስት ሰዓት ጠበቅን። ስትመጣ የአሸዋ መኪና ናት። አልደረስንም። ልጅቱም፣ በሆዷ ያለውም።»

ሰርካ አጠገባቸው ቁጢጥ አለች። «አላህ ይማራት» አለች ቀስ ብላ።

«አሚን። ናስር ነው የገደላት። ውሃ ቀላቅሎ ነው የሸጠልኝ። መስጊድ በር ላይ በሰው ሁሉ ፊት ነግሬዋለሁ። ከዚያ በኋላ ከእሱ የሚገዛ ጠፋ፤ ሱቁን ዘግቶ ገለምሶ ሄደ። ይሂድ!»

አሁንም ዝም ማለት ነበረብኝ። የአስተማሪ ነገር ሆኖብኝ ግን ስህተት ሰምቼ ማለፍ አልችልም።

«ቤንዚኑ ውሃ ቢኖረው ሞተሩ ገና ሲነሳ ይንተፋተፍ ነበር። ተንተፋትፏል?»

«የለም። ጥሩ ነበር የሚሄደው።»

«ጭሱስ?»

«እንደ ዛሬው ነው። ያን ጊዜም ለዳገቱ አስከፍቼው ነበር።»

«ጎማውስ?»

«አተንፍሼዋለሁ እንጂ! እንዲጎረብጣት ፈልገህ ነው?»

ከአፋቸው ሳይወጣ ነው የገባኝ። እሳቸውም ገብቷቸዋል። ፊታቸው ተለወጠ፤ ከድንጋዩ ብድግ አሉ።

«እኔ ነኝ የገደልኳት ነው የምትለኝ? ንገረኝ እንጂ መምህር! እኔ ነኝ ወይ?»

ምን ልበል? አፈርኩ። እውነቱን ነው የምነግራችሁ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አፈርኩ። የሽማግሌው ነገር ያን ጊዜ ነው የታየኝ። ሰርካን ማመን አቅቷቸው አይደለም። እሷን ካመኑ ሁለት ዓመት ናስር ላይ የጫኑትን ራሳቸው መሸከም አለባቸው። ይህን ከማን እንጠብቃለን?

የሞተሩን እጀታ ይዘው ሊሄዱ ሲሉ ሰርካ ከፊታቸው ቆመች።

«አባቴ፣ ስለ ሙስሊማ ማንም አይፈርድም። ሳያውቁ ነው ያደረጉት፤ እንዳይጎረብጣት ብለው ነው። ሀኒፋ ግን በሕይወት አለች። እኔንም አይመኑኝ፣ መምህሩንም አይመኑ። ሞተሩን ራሱን እንጠይቀው።»

«እንዴት አድርገሽ?»

«ነገ ጠዋት መንደርዎ እንመጣለን። ንጹሕ ቤንዚን፣ ውሃ አለመኖሩን በዓይንዎ አይተው፣ አንድ ሊትር እንለካለን። ጭነቱ የሁለት ሰው ክብደት ማሽላ። መጀመሪያ ሞተሩን ሳልነካው እንዳለ ይንዱት። በማግስቱ እኔ ከሠራሁት በኋላ ይንዱት። በቃ።»

እጀታውን ለቀቁና «እሺ» አሉ።

በማግስቱ ሄድን። ሰርካ ቤንዚኑን ውስጡን በሚያሳይ ፕላስቲክ ጠርሙስ ቀድታ ለብዙ ደቂቃ አቆመችው። ውሃ ቢኖር ከታች ይዘቅጥ ነበር። ኦቦ ሀሚድ ጠርሙሱን ወደ ፀሐይ አንስተው እያገላበጡ አዩት። ከዚያ ጠርሙሱን እጀታው ላይ አንጠልጥላ በቀጭን ቱቦ ከካርቡሬተሩ ጋር አገናኘችው። ጎማውንም ራሳቸው እንደዚያን ቀን አተነፈሱት። ማሽላውን ጭነው ተነሡ፤ እኔና ሰርካ በእሷ ሞተር ከኋላ ተከተልን። ጭሱን እየዋጥን ኩኒን አለፍን፣ የመጨረሻውን ዳገት ጀመርን።

ሞተሩ ጠፋ። ሾላው ከፊታችን ነበር፣ ሃምሳ እርምጃ ቢሆን ነው።

ሽማግሌው አልወረዱም። እግራቸውን መሬት ላይ ተክለው ባዶውን ጠርሙስ አዩ፣ ዛፉን አዩ። እኛም አልተጠጋናቸውም። በኋላ ሰርካ ከእኛ ሞተር ቀንሳ ቀዳችላቸውና ጭሮ ወረድን።

ያን ቀን ሙሉ ሠራች። እሳቸው አጠገቧ ተቀምጠው እያንዳንዷን ነገር ይጠይቁ ጀመር፤ ክርክር ቀርቷል። ጨርቁን ከማጣሪያው ላይ አንስታ ማጣሪያውን አጠበች። ካርቡሬተሩን ፈታ አጽድታ ለደጋ አየር አስተካከለችው። የኋላው ፍሬን ሳይረገጥም ይይዝ ነበር፤ አላቀቀችው። ካቴናውን ዘይት አጠጣች። ጎማውን በልኩ ነፋችው።

«ጎርባጣውስ?» አሉ ሀሚድ። ድምፃቸው የተማሪ ድምፅ ነበር።

«ለጎርባጣው መቀመጫው ላይ ፍራሽ አጥፈው ያነጥፉላታል። ጎርባጣው ጋ ቀስ ይላሉ። ዳገቱን ደግሞ ሞተሩ ሳይደክም ቀድመው ማርሽ ይቀንሱ፤ ጋዙን እስከ መጨረሻ አይጠምዝዙት። እሷን ሲጭኑ የጫት ጆንያ ይውረድ።»

«እሺ፣ ልጄ።»

በማግስቱ ያው መንደር፣ ያው ማሽላ፣ ያው አንድ ሊትር። ጭስ አልነበረም። ሾላው ጋ ሲደርሱ ያቆማሉ ብዬ ነበር፤ ወደ ዛፉ ዞር ሳይሉ አለፉት። የዳገቱ ጫፍ ላይ ነው የቆሙት፣ ጭሮ ከታች በሚታይበት። ከዚያ እስከ ከተማው ቁልቁለት ነው። ጠርሙሱ ውስጥ ከሥሩ ሁለት ጣት የሚሆን ቤንዚን ቀርቷል። ከሾላው እስከዚያ ጫፍ ሁለት ኪሎ ሜትር ብቻ መሆኑን፣ ሙስሊማም የቀረችው በዚያች ሁለት ኪሎ ሜትር መሆኑን እኔ ቆጣሪው ላይ አይቻለሁ፤ አልተናገርኩም። ለአንድ ጊዜ እንኳ ዝም አልኩ።

ኦቦ ሀሚድ ጠርሙሱን በእጃቸው ያዙትና እንባቸው ወረደ።

«የናስር ቤንዚን ንጹሕ ነበር» አሉ።

ሀኒፋ ከዚያ በዘጠነኛው ቀን አማጠች። ማደያዎቹ ያን ሳምንትም ባዶ ነበሩ፤ የነበራቸው አንድ ሊትር ነው። ሐኪም ቤት በር ደረሱ። ደም ፈሷት ነበር፣ እንደ እህቷ። ሐኪሙ «ግማሽ ሰዓት ብትዘገዩ ኖሮ...» አለና ቃሉን ሳይጨርስ ተወው። እናትም ልጅም ተርፈዋል።

አሁን የማወራው ሞተር ላላችሁ ነው። የሚጨስ ሞተር ኃይለኛ አይደለም፤ ያልነደደ ቤንዚን በጭስ ማውጫ እየጣለ ነው። ማጣሪያው ይጽዳ፣ ካርቡሬተሩ ለምትኖሩበት ደጋ ወይም ቆላ ይስተካከል፣ ጎማው በልኩ ይነፋ። ቤንዚን በጠፋ ጊዜ ያንኑ አንድ ሊትር ይዛችሁ ሩቅ ትሄዳላችሁ፤ ሞተሩም ዕድሜው ይረዝማል፤ ዳገት ላይ አትቀሩም። የሚሠራላችሁ ወንድ ይሁን ሴት፣ ዋናው የሚያውቅ መሆኑ ነው። ጎማ ስታተነፍሱላቸው የምትወዷቸውን መጥቀማችሁ አይደለም።

የቀረው የገለምሶው ነው። ሀኒፋ ከሐኪም ቤት በወጣች ማግስት ኦቦ ሀሚድ ናስርን ይቅርታ ሊጠይቁ ሲሄዱ አብሬያቸው ሄድኩ፤ ብቻቸውን ከበዳቸው። ናስር ጎዳና ዳር ሳሙናና ክብሪት ይሸጣል። ቤንዚን ከዚያ ወዲህ ነክቶ አያውቅም። ፊቱ ቆመው ሁሉንም ነገሩት፣ ጨርቁንም፣ ጎማውንም፣ ሾላውንም። አልተቆጣም። ሲጨርሱ አንድ የሳሙና ሣጥን ላይ ቁጭ አለ።

«ሁለት ዓመት» አለ። «ጠርሙሱን ሳላጥበው ቀርቼ ይሆን፣ ውሃ ነበረበት ይሆን እያልኩ ሁለት ዓመት። እኔም የገደልኳት እኔ ነኝ ብዬ አምኜ ነበር እኮ።»