ለእኔ በሾርባ ማንኪያ

«ድንቹ ዘንድሮ እንዴት ያለ ነው፣ እትዬ ሂልዳ! ልጣጩ ስስ፣ ውስጡ ነጭ... ትናንት ለሙከራ ያህል ትንሽ ቀቅዬ ነበር። ውሃውን ደፍቼ ድስቱን እሳቱ ላይ ባዶውን መለስ አደረግኩት፣ እርጥበቱ እስኪወጣ። ከዚያ ቅቤ ጣል፣ ትኩስ ወተት ጠብ... አበቃ! ይኼን ዘዴ እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ፤ ረሱት? ልጄን ጃኒንን አርግዤ ነበር ያን ጊዜ።»

ቬርና ይህን ስትል እጇ ከድንች መላጫው አልተለየም። የቤተ ክርስቲያኑ የመከር እራት ዛሬ ማታ ነው፤ የከተማዋ ሴቶችም እንደ ልማዳቸው ከአዳራሹ ሥር ባለው ወጥ ቤት ገብተው ጉድ ጉድ ይላሉ። ተርኪ ዶሮዎቹ ምድጃ ውስጥ ቀላ ቀላ ማለት ጀምረዋል። ከትንሿ መስኮት ውጭ የሳስካችዋን ክፍለ ሀገር የስንዴ ሜዳ ታጭዶ ባዶውን ተዘርግቷል።

አሮጊቷ እትዬ ሂልዳ ወንበር ላይ ተቀምጠው ድንች ይልጣሉ። ወጥ ቤቱን ለብዙ ዘመን የመሩት እሳቸው ነበሩ፤ አሁን ግን ጉልበታቸው ከድቷቸዋል። ዛሬ ከእራቱ በኋላ በር አጠገብ ሚስማር ላይ የተንጠለጠለውን የወጥ ቤቱን ቁልፍ ለአንዷ አስረክበው ከሥራው ሊያርፉ ነው። ለማን እንደሚሰጡትም ሁሉም ያውቃል፤ ለኖሪን ነው።

ኖሪን ጀርባዋን ሰጥታ፣ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ የዱባ ፓይ ሊጥ ትዳምጣለች። በጋገራ የሚስተካከላት የለም። የከተማዋ ሴቶች የምግብ ዘዴ በሚለዋወጡበት የፌስቡክ ገጽ ላይ የእሷ ቃል እንደ ሕግ ነው። ከሰኔው የጃኒን ሠርግ ወዲህ እሷና ቬርና «እንዴት አደርሽ» ብቻ ተባብለው ይተላለፋሉ።

ቬርና ቁልፉን ለራሷ አልፈለገችውም። ሾርባና ጥብስ እንጂ ኬክ እንደማይሆንላት አገር ያውቀዋል። ብቻ ወደዚያች ሴት እጅ ሲገባ ቆማ ማየት አልቻለችም። ድምጿን ከፍም ዝቅም ሳታደርግ፣ ዓይኗን ከድንቹ ሳትነቅል ቀጠለች።

«ሰው ያወቀውን ለሰው ሲያካፍል እንዴት ደስ ይላል፣ አይደል እትዬ? እኔ ለምሳሌ አንዷን አውቃለሁ... ስም መጥራት አያስፈልግም፣ ትሑት ናት፤ ስትመሰገን ታፍራለች። ማለቴ፣ ታፍር ነበር፤ አሁን እንኳ ማፈሩን የተወችው ይመስለኛል። በዚህ ከተማ የእሷ እጅ የሌለበት ድግስ አለ እንዴ? ልደት ቢሉ እጇ አለበት። ሐዘን ቢሉ እጇ አለበት። ሠርግማ... ኧረ ሠርግማ! በማቡካትስ ማን ይወዳደራታል? ሊጡንም... ሌላውንም።»

መዳመጫው ሊጡ ላይ ቀጥ አለ። ከዚያ እንደገና መንከባለል ጀመረ፤ አሁን ግን ፈጠን፣ ጫን ብሎ።

«ለጃኒን ሠርግ እንዴት አድርጋ እንደረዳችኝ ነግሬዎት አላውቅም መቼም። ልጄ "እማዬ፣ የሱቅ ኬክ አልፈልግም፣ አንቺ ጋግሪልኝ" አለችኝ። እኔ ደግሞ ሞያዬን ያውቁታል... ኬክ ሲባል እጄ አይታዘዝልኝም። ታዲያ ያቺን ባለሞያ ካልጠየቅኩ ማንን ልጠይቅ? ስልክ መታሁላት። ምክሩን ዘረገፈችልኝ! እንቁላሉ ከፍሪጅ ቀድሞ ወጥቶ ይሙቅ፣ ዱቄቱ ከገባ በኋላ ብዙ አይመታ፣ ምድጃው ቶሎ ቶሎ አይከፈት... ሁሉም እውነት ነው፣ እግዜር ይስጣት። "ቤኪንግ ሶዳውስ?" አልኳት። "ሦስት የሾርባ ማንኪያ፤ ትልቅ ኬክ ነውና አትሳሺ" አለችኝ። እኔም አልሳሳሁም።»

አንዷ ሴት ዕቃ የምታጥብበትን ቧንቧ ዘጋች።

«በኋላ ነው እኔ ነገሩ የገባኝ። ለአዲሷ አስተማሪ፣ ለፖስታ ቤቷ ሴትዮ፣ ለሁሉም ስታስተምር በሻይ ማንኪያ ነው። ገጹ ላይ ቁጭ ብሏል፣ ማንም ያየዋል። ለእኔ ሲሆን በሾርባ ማንኪያ! ይኼ መውደድ ካልሆነ ምን ይባላል? ለሰው ሁሉ ቁንጥር፣ ለእኔ በገፍ! እንዲህ ያለ ልግስና ከእናቴም አላየሁ።»

ያን ኬክ ቬርና ከሠርጉ ዋዜማ ጀምራ ስትለፋበት ነበር። ከምድጃው ሲወጣ ጠይሞ፣ መሀሉ ጎድጉዶ አገኘችው። ደነገጠች፤ ግን ሌላ ለመጋገር ጊዜ አልነበራትም። ጉድጓዱን በክሬም ሞልታ፣ ዙሪያውን በእንጆሪ ሸፍና አዳራሽ አስገባችው። ጃኒን ስታየው አቅፋ ሳመቻት። ከዚያ ተቆረጠ። ከዊኒፔግ ከተማ የመጣችው የሙሽራው እናት አንዴ ጎረሰች፣ ፊቷ ተኮማተረ፣ ቀስ ብላም የጎረሰችውን ናፕኪን ውስጥ መለሰችው። ቬርና ራሷ ስትቀምሰው ሳሙና ሳሙና አለ። በየጠረጴዛው ሹካ ሲቀመጥ ሰማች። ሙሽራዋ ልጇ ብቻ እንባዋን እየዋጠች ድርሻዋን በላች።

«ታዲያ ያቺ ደግ ሴት ዝም ብላ ታየኛለች? ብድግ ብላ ወጣች፤ የመኪናዋን የኋላ ዕቃ መጫኛ ከፈተች... ባለ ሦስት ደርብ ኬክ! ነጭ እንደ በረዶ። "ምናልባት ካስፈለገ ብዬ ነው" አለች፣ ያ ደርባባ ፈገግታዋ አለ አይደል፣ በእሱ። አርቆ ማሰብ ማለት ይኼ ነው እንጂ! የጋገርኩት እኔ ሳላውቅ፣ የእኔ ኬክ ቢላዋ ሳይነካው፣ እሷ አውቃዋለች። ደግሞ እኮ፣ እትዬ ሂልዳ... የሙሽሮቹ ስም ተጽፎበታል! በሮዝ ክሬም፣ በዚያ በሚያምር እጅ ጽሕፈቷ። "ምናልባት" ላይ ስም የሚጽፍ ሰው አይተው ያውቃሉ? ነቢይ ናት እንጂ ሌላ ምን ትባላለች! እኛ ነገ ይዘንብ እንደሆን ለማወቅ ከሬዲዮ ጋር እንጨቃጨቃለን፣ እሷ እዚሁ አጠገባችን እያለች።»

አንዲት ሴት ሳቋ አመለጣትና አፏን በጨርቅ ያዘች። ሌሎቹ ዓይን ለዓይን ተያዩ። ስሙ በኬኩ ላይ እንደነበረ ሁሉም አይተው ነበር፤ ሁሉም «እንዴት ያምራል» ብለው በልተው ነበር። እስከዛሬ ግን መቼ እንደተጻፈ ያሰበ አልነበረም።

«ፎቶው ሳሎኔ ተሰቅሏል። ልጄ ቢላዋውን ይዛ ትስቃለች... ስትስቅ አባቷን ትመስላለች። የመጣ እንግዳ ሁሉ "ኬኩን አንቺ ነሽ የሠራሽው?" ይለኛል። እኔ ምን እላለሁ? "የለም፣ የወዳጄ ስጦታ ነው" እላለሁ። በዓመት በዓሉም፣ በአዘቦቱም፣ ቤቴ ግድግዳ ላይ ሆና ታየኛለች።»

እዚህ ላይ የቬርና ድምፅ ትንሽ ተሰበረ። እንዳይታወቅባት አንድ ድንች አንስታ የሌለ ጉድፍ ከላዩ ፋቀችለት። እትዬ ሂልዳ መላጫቸውን ጭናቸው ላይ አሳርፈው ትኩር ብለው አዩዋት። ቬርና ጉሮሮዋን ጠረገች፤ ፈገግታዋም ተመለሰ።

«ለምን እንዲህ ትለፋለች ይላሉ? ልጄን ስለምትወዳት ነዋ! ያ ጨዋ ልጇ ከጃኒን ጋር አንድ ክረምት ሙሉ በረዶ ላይ ሲንሸራተት ከርሞ የለ? እሷ እኮ ያኔውኑ ለሁለቱ ቤት መጋረጃ ስትመርጥ ነበር አሉ። የእኔዋ ደግሞ ሞኝ... ልቧ ዊኒፔግ ሄደ። ሌላ ሴት ብትሆን ቂም ትይዝ ነበር። እሷ ግን ኬክ ይዛ መጣች። እንዲህ ያለ ልብ ከየት ይገኛል?»

ኖሪን ዞረች። እጇ እስከ ክርኗ ዱቄት ነው፤ ፊቷ ከዱቄቱ አይለይም። አፏን ከፈተች። «ስለ እኔ ነው የምታወሪው?» ብትል ራሷ አምና መቀበሏ ነው፤ ዝም ብትልም ያው ነው። አፏን መልሳ ገጠመች።

ያኔ እትዬ ሂልዳ የወንበሩን ጀርባ ይዘው ተነሡ። ከዘራቸውን እየመቱ ወደ ኖሪን ጠረጴዛ ሄዱ። ከመሳቢያው ማንኪያ አወጡ፣ ለፓይ ከተዘጋጀው የዱባ ጎድጓዳ ሳሕን ጨለፉ፣ አሸተቱት፣ ከዚያ ቀመሱት። ዱባው ምንም አልሆነም፤ ጣፋጭ ነው፣ ቀረፋውም ልክ ነው። ግን ኖሪን የሠራችው ምግብ በዚያ ወጥ ቤት ውስጥ ተመርምሮ ሲቀመስ ያ የመጀመሪያው ነበር። እትዬ ሂልዳ ማንኪያውን ሲያኖሩ ቀጥሎ ያለችው ሴት አነሣችው፤ ቀጥሎ ያለችውም ሌላ አወጣች።

ኖሪን እያንዳንዷ ስትቀምስ ቆማ አየች። አንዷም ክፉ አልተናገረቻትም። አሮጊቷ ወደ በሩ ሄዱ፣ ቁልፉን ከሚስማሩ አወረዱ፣ የሽርጣቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት፤ ተመልሰውም ድንቻቸውን ያዙ። ኖሪን ወደ ሊጧ ዞረች። መዳመጫውን ስታነሣው ሊጡ ተጣብቆ መሀሉ ተቀደደ።

ቬርና የመጨረሻውን ድንች ድስት ውስጥ ጣለች። እጇን ታጥባ፣ በፎጣ ጣት በጣት እያደረቀች፣ ማንንም ሳታይ፣ ልስልስ ባለ ድምፅ እንዲህ አለች፦

«እኔማ ያቺን ወዳጄን ሳልመርቅ ውዬ አላውቅም። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጣት። ጥርሷ አይርገፍ፣ ምግብ አይዝጋባት። ለዚያ ጨዋ ልጇም እንደ ልቧ የሆነች ሚስት ያምጣለት... ደግ፣ ባለሞያ፣ አርቃ የምታስብ፣ ቁርጥ እሷን የመሰለች። አንድ ቤት ያኑራቸውና፣ እሷም አርፋ ቁጭ ብላ፣ በዚያች በምራቷ እጅ እየበላች ትጦር። አሜን በሉ እንጂ!»